ከአዲስ ወዳጆች ጋር አንድ ሳምንት በአንድ ጀልባ

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ዕድሜዬ 34 ሲሆን በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለፈው ጥር በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ከጀርመን ከመጡ ሐበሾችና ከጓደኞቻቸው ጋር ተዋውቄ ሦስት ቀን አብረን ሰነበትን፤ ሐረር ወስጄ ጀጎልን አስጎበኘኋቸው፤ እንደ ቆየ ወዳጅም ተላመድን። አሁን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት ግሪክ ውስጥ ከሌፍካዳ ደሴት ተነስተው ኢታካንና ኬፋሎኒያን የሚዞሩበት የሸራ ጀልባ ሊከራዩ ነው። ሰባት ናቸው፤ ስምንተኛ ሆኜ እንድሄድ ጋብዘውኛል። ከሰባቱ በደንብ የማውቃቸው ሦስቱን ብቻ ነው። ችግሬ ዋና አለመቻሌ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲመታ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ውሃ ሲጮኽ ስሰማ እስከ ዛሬ ልቤ ይደነግጣል። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ይህን ሁሉ ለሰዎቹ መናገር አፈርኩ፤ ደስታቸውን የማበላሽ መሰለኝ። ልሂድ ወይስ አንድ ምክንያት ሰጥቼ ልቅር?

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርዎት፤ ይሂዱ። ዋና አለመቻል እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብዙ ሊቃለል የሚችል ነገር ነው፤ ጾሙም መላ አለው። እኔን ያሳሰበኝ «ለመናገር አፈርኩ» ያሉት ነው። ሠርግ ቤት ይሉኝታ ያምራል፤ ያልተመቸን ነገር ቢኖር ችለነው እንቀመጣለን፤ ሲበዛብን ደግሞ ቤት ያለ ሥራ ጠቅሰን ተሰናብተን እንወጣለን። ስምንት ሰው የሚያሳድር የሸራ ጀልባ ግን ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 13 ወይም 14 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር ገደማ ነው። ተሰናብቶ መውጣት የለም። ካፒቴኑም ሥራ የሚያከፋፍለው ተሳፋሪው ስለ ራሱ በነገረው ልክ ነው፤ ስለዚህ እርስዎ ዝም ያሉት ነገር የእርስዎ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ድሬ «አንቱ» እንኳ ሳይባባሉ የልባቸውን የሚነጋገሩ ሰዎች ከተማ ናት፤ ይህን የከተማዎን ጠባይ ይዘው ይሂዱ።

ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው እንዲህ የምጨነቀው። እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ፣ እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ ባሕር ያላየሁ ሰው ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በዚያው በአዮኒያ ባሕር ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ለአንድ ሳምንት ስሳፈር፣ በሁለተኛው ቀን ሆዴ እየተገለባበጠ ሳለ «ዝም ብላ ተቀምጣ ትበላለች» እንዳይሉኝ ብዬ ሽንኩርት ልከትፍ ወደ ታች ወረድኩ። የጀልባ ምድጃ ጀልባው ሲያዘነብል ሚዛኑን ጠብቆ እንዲወዛወዝ ሆኖ የተሰቀለ ነው፤ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጀልባው በአንድ ጎኑ ተኛ ሲል ድስቱ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝና በእጄ ልይዘው ስሞክር የፈላው ውሃ አንጓዬ ላይ ፈሰሰ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ካፒቴኑ ቁስሌን እያጠበ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እንዳመመሽ ለምን አልነገርሽንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለሰባቱም በአንድ ጊዜ መልእክት ይጻፉ። አጭር ይሁን። ዋና እንደማይችሉ፣ ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰው እንደሚቀመጡ፣ ባሕር ሊያምዎት እንደሚችልና ያን ቀን ሥራ እንደማይችሉ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ እንደሚበሉ ይንገሯቸው። የማያውቋቸው አራቱ ለዚህ መልእክት የሚሰጡት መልስ ስለ ጠባያቸው ከሠርጉ ሦስት ቀን የበለጠ ይነግርዎታል። «አታስቢ፣ ምንም አይደለም» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ «ክብደትሽ ስንት ነው? ልክሽ የሆነ ጃኬት ላስመጣ» የሚል ሰው ግን በባሕር ላይ የሚታመን ነው።

ከዚያ ስለ ካፒቴኑ ይጠይቁ። ጀልባ የሚከራየው ከካፒቴን ጋር ነው ወይስ ያለ ካፒቴን? ያለ ካፒቴን ከሆነ ከመካከላቸው የመንጃ የምስክር ወረቀት ያለው ማን ነው? ግሪክ ውስጥ ያለዚያ ወረቀት የሸራ ጀልባ አይከራይም። ወረቀት ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ ልምድ ያለው አይደለም፤ ስለዚህ በዚያ የባሕር ዳርቻ ስንት ጊዜ እንደነዳ፣ እርሱ ቢታመም ወይም ቢወድቅ ጀልባውን ወደ ወደብ የሚመልሰው ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ ሳያፍሩ ይጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ካፒቴን እንዲቀጠር ሐሳብ ያቅርቡ። የቀን ክፍያው ለስምንት ሲካፈል የሚከብድ አይሆንም፤ ለምግቡ ግን የጋራ መዋጮው እንደሚችለው፣ መኝታም እንደሚሰጠው አስቀድመው ይወቁት።

ስለ ፍርሃትዎ በጥንቃቄ ላስረዳዎት እፈልጋለሁ፤ ደቻቱን ያየ ሰው ውሃ ቢፈራ የሚወቀስበት ነገር የለም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይኖርና ከላይ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ ሞልቶ ይመጣል፤ ያን ሌሊት ብዙ ሰው የጨረሰውም ድሬ ላይ የተኛው ሰው ሳያውቀው ስለመጣ ነው። ሜዲትራኒያን በዚህ በኩል ሌላ ጠባይ አለው። የባሕሩ ከፍታ በአብዛኛው ዳርቻ በቀን የሚጨምረውና የሚቀንሰው በአሥር ሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ብቻ ነው። ባሕሩን የሚያስቆጣው ነፋስ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ይተነበያል፤ ካፒቴኖች በየማለዳው ትንበያውን አይተው መውጣትና አለመውጣታቸውን ይወስናሉ። ወዳጆችዎ የመረጡት ሥፍራም ለጀማሪ ከሚመረጡት አንዱ ነው። በምሥራቅ በኩል ባለው በኤጂያን ባሕር ሐምሌና ነሐሴን ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ለቀናት ሳያቋርጥ ይነፍሳል፤ በመርከበኞች መለኪያ ደረጃ 7 እና ከዚያም በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህም በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ነፋስ ማለት ነው። በእናንተው በአዮኒያ በኩል ግን በበጋቸው የተለመደው ማይስትሮ የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ብዙውን ጊዜ ደረጃ 3 ወይም 4 ሆኖ ይቆይና ሲመሽ ይተኛል። ደሴቶቹ እርስ በርስ ስለሚተያዩ መሬት ከዓይንዎ አይጠፋም። የጀልባው ፍጥነት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬ ባጃጅ እጅግ ያዘገማል።

አንድ ነገር ግን በፊት ካላወቁት ያስጮኽዎታል፤ ሸራው ነፋስ ሲይዝ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ይህ መገልበጥ አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ሆድ ሥር ከባድ የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት ታስሯል፤ ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ያ ክብደት ወደ ታች ስቦ ያቀናዋል። መጀመሪያ ቀን የሚይዙት ጠንካራ ነገር ያለበት ቦታ ፈልገው፣ ከካፒቴኑ አጠገብ ከኋላ ተቀምጠው ይህን ደጋግመው ይዩት፤ በሦስተኛው ቀን እጅዎ መጨበጡን ይተዋል።

በእውነት ሰው የሚጎዳባቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። ከትልቁ ሸራ ሥር ያለው አግዳሚ ብረት ጀልባው አቅጣጫ ሲቀይር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ይወረወራል፤ ጭንቅላት የሚመታው እርሱ ስለሆነ ካፒቴኑ ሲጮኽ ጎንበስ ይበሉ። ሁለተኛው ገመድ ነው። በሚጠመጠምበት መዘውር ላይ ጣት፣ ቀለበት፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ የሻሽ ወይም የነጠላ ጫፍ ይገባል፤ ጸጉርዎን ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፣ ቀለበትዎን ቤት ይተዉት። ሦስተኛው ወደብ ላይ ነው። በሜዲትራኒያን ወደቦች ጀልባ የሚቆመው መልሕቁን ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ ጥሎ በኋላው ወደ ግንቡ እየተጠጋ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጀልባው ግንቡን ሊመታ ሲል በደግነት እጁን ወይም እግሩን መካከል የሚያስገባ ሰው አለ። ያ ጀልባ ብዙ ቶን ይመዝናል። ግንቡን ይምታ እንጂ እጅዎን እንዳያስገቡ።

ዋናን በተመለከተ ከአሁኑ ይጀምሩ። ድሬ ውስጥ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ የሚያስተምር ሰው ያግኙና በሳምንት ሁለት ቀን ይሂዱ። ዓላማዎ ረጅም ርቀት መዋኘት አይሁን። ፊትዎን ውሃ ውስጥ ከትተው ትንፋሽ መያዝን፣ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍን፣ ጃኬት ለብሰው ውሃ ውስጥ መግባትን ይማሩ፤ እነዚህን የቻለ ሰው ሳይደነግጥ እርዳታ መጠበቅ ይችላል። ከተቻለዎትም ፓስፖርትና ቪዛ ይዘው በባቡር ጅቡቲ ይውረዱና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ግማሽ ቀን በጀልባ ይሂዱ። ከድሬ በሐዲዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ባሕር ሳይሞክሩ ግሪክ ድረስ መሄድ ያሳዝናል፤ ሆድዎ የሚችለውንም የማይችለውንም እዚያው ያውቁታል።

የባሕር ሕመም የሚመጣው ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ መንቀሳቀሳችንን ሲናገር ዓይናችን ደግሞ የቆመ ነገር ሲያይ፣ አእምሮ በሁለቱ መካከል ሲወዛገብ ነው። ስለዚህ ወደ ታች አይውረዱ፣ ስልክ አያንብቡ፤ ውጭ ተቀምጠው ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ። መድኃኒቱ ከመነሣትዎ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የሚወሰድ እንጂ ካስመለሰ በኋላ የሚጠቅም አይደለም፤ እንቅልፍም ስለሚያመጣ ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ይመካከሩ። ዝንጅብል የሚያኝኩም አሉ፤ እኔን ረድቶኛል። ለብዙ ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ይለቃል።

የገንዘቡ ነገር ለሒሳብ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ወዳጅነት የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ከኪራዩ ሌላ የነዳጅ፣ የወደብ፣ የምግብ፣ የመጨረሻ ጽዳት ወጪ አለ፤ ይህ እንደ ማኅበር በጋራ መዋጮ ቢያዝ መልካም ነው። የመጠጥ ወጪ ግን የሚጠጡት ለብቻቸው ያዋጡት፤ የማይጠጣ ሰው የወይን ሒሳብ ሲከፍል ከርሞ በስድስተኛው ቀን መከፋቱ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ስለ መያዣው ይስማሙ። አከራዩ ጀልባው ቢጎዳ የሚቆርጠው በሺዎች ዩሮ የሚቆጠር መያዣ በአንድ ሰው ካርድ ላይ ያስይዛል፤ ጉዳት ቢደርስ ያ ሰው ብቻውን ይከፍላል ወይስ ስምንታችሁም? እኛ ይህን ሳንነጋገር ተሳፍረን፣ ስንረከብ ፎቶ ያላነሣነው ጭረት በመጨረሻው ቀን ከመያዣችን ተቆረጠ፤ ካርዱ የነበረው ወዳጃችን ግማሹን ያህል ከኪሱ ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ ከመካከላችን ከሁለት ሰዎች ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ ጀልባውን ስትረከቡ ከፊት እስከ ኋላ ፎቶ አንሡ።

ስለ ጾሙ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ግሪኮችም ኦርቶዶክሶች ስለሆኑ ረቡዕና ዓርብ በቤተ ክርስቲያናቸው የጾም ቀን ነው፤ ለጾም ምግብም «ኒስቲሲሞ» የሚል ስም አላቸው። ምግብ ቤት ገብተው ይህን ቃል ቢሉ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የተሠራ ባቄላ፣ ምስርና ቅጠላ ቅጠል በወይራ ዘይት ያቀርቡልዎታል። ነገር ግን እነርሱ ሽሪምፕ፣ ካላማሪና ኦክቶፐስን ከጾም ምግብ ይቆጥሩታል፤ እርስዎ የማይበሉ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ትንሽ ሽሮና በርበሬ ቢይዙ በጀልባው ምድጃ ስምንቱንም መጋበዝ ይችላሉ፤ ጀልባው መልሕቅ ጥሎ ሲቆም ብቻ ይሁን።

ቪዛውን አያዘግዩ። ዋና መድረሻዎ ግሪክ ስለሆነች ማመልከቻው ለግሪክ ነው፤ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር ነው፤ ቀጠሮ ግን በክረምት ስለሚጣበብ ሐምሌን አያሳልፉ። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል፤ ዋስትናውን ሲገዙ የሸራ ጀልባ ጉዞን የሚያካትት መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ የማያካትቱ አሉና። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከተሰጠዎት ደግሞ ጀልባው ከግሪክ ውሃ ወጥቶ አልባኒያን ልይ ቢል እርስዎ ወደ ግሪክ ተመልሰው መግባት አይችሉም፤ የጉዞው መስመር በዚያ በኩል እንዳይቀየር ለካፒቴኑ ይንገሩት።

ለጓዝ ጠንካራ ሻንጣ አይያዙ፤ ማስቀመጫ የለውም፤ የሚታጠፍ የጨርቅ ቦርሳ ይበቃል። ጫማዎ ነጭ ወይም ለስላሳ ሶል ይኑረው። ጫት ቦርሳዎ ውስጥ ሊያስገባልዎት የሚፈልግ ወዳጅ ቢመጣ እምቢ ይበሉ፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው። የጀልባው ሽንት ቤት በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለው፤ ወረቀት ከገባበት ይደፈናል፤ ሲደፈን ስምንታችሁም ትቸገራላችሁ፤ ስለዚህ አጠቃቀሙን በመጀመሪያው ሰዓት ይጠይቁ። ውሃ በታንከር ስለሆነ ለስምንት ሰው ይቆጠባል፤ በጆግ ታጥቦ ያደገ የድሬ ልጅ በዚህ አይቸገርም፤ እንዲያውም ለሌሎቹ ያስተምራሉ።

ጥያቄ፦

የሐረር ነዋሪ ነኝ። ጣሊያን የምትማር የ21 ዓመት ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ክሮኤሺያ ውስጥ ከስፕሊት ተነሥታ በሸራ ጀልባ ለመሄድ ፈቃዴን ጠይቃኛለች። ልጆቹን አላውቃቸውም። ምን ልጠይቃት?

መልስ፦

የተከበሩ አባታችን፣ ሳትደብቅ ፈቃድዎን መጠየቋ ራሱ መልካም ነገር ነው፤ «አይሆንም» ቢሏት በሚቀጥለው ዓመት ሳትነግርዎት ልትሄድ ትችላለችና በዝርዝሩ ይነጋገሩ። በወረቀት በኩል ብዙ አይቸግራትም፤ ክሮኤሺያ ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሼንገን አባል ስለሆነች በጣሊያን የመኖሪያ ፈቃዷ ለአጭር ጊዜ መሄድ ትችላለች።

የጀልባውን ስም፣ የካፒቴኑን ስም፣ የአከራዩን የወደብ ቢሮ ስልክ፣ በየምሽቱ ሊያድሩበት ያሰቡትን ወደብ ጽፋ ትላክልዎት። ካፒቴኑ ከተማሪዎቹ አንዱ ከሆነ በቀን ሲነዳ መጠጥ እንደማይቀምስ ከአሁኑ ይስማሙ፤ ይህን እርስዎ ሳይሆኑ እርሷ ትጠይቅ። ከተቻለም ብዙ ጀልባዎች በአንድ መሪ ጀልባ ተከትለው ከሚሄዱበት ጉዞ ጋር ቢቀላቀሉ ልምድ ያለው ሰው በቅርባቸው ይኖራል። በዚያ ዳርቻ ቡራ የሚባል ነፋስ ከተራራው በድንገት ይወርዳል፤ ትንበያው ቡራ ካለ አንድ ቀን ወደብ መዋል እንጂ «ፕሮግራማችን ተበላሸ» ብሎ መውጣት እንደማይገባ ይንገሯት። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ነው፤ በጀልባው ሬዲዮ ደግሞ የጭንቅ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው፤ ሬዲዮውን መክፈት ካፒቴኑ ብቻ ሳይሆን ልጅዎም ትወቅ።

በየባሕረ ሰላጤው ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስላለ፣ መልሕቅ ከጣሉ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ የምትጽፍልዎትን ሰዓት ወስኑ። ክሮኤሺያ በበጋቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በእርሷ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን በሐረር 2 ሰዓት ይሆናል። አንድ ምሽት መልእክቱ ቢዘገይ እስከ ጠዋት ይታገሡ፤ ጠዋትም ካልመጣ ለልጅዎ ደጋግመው ከመደወል ይልቅ ቀጥታ ለአከራዩ ቢሮ ይደውሉ፤ ጀልባው የት ወደብ እንዳደረ ጠይቆ ለማወቅ ቢሮው ከእርስዎ የተሻለ መንገድ አለው።